አደይ አበባ

አደይ አበባ ክረምቱ ሲወጣ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚፈካ፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት የማያልፍ የዱር ተክል ነው። በኦሮምኛ ኬሎ፣ በትግርኛ ገልገለ መስቀል ይባላል። ስሙ የአንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ ቢደንስ ማክሮፕቴራና ቢደንስ ፓኪሎማን የመሳሰሉ ተቀራራቢ ዝርያዎች ሁሉ አደይ ናቸው። እነሱን ለይቶ ማወቅ ለባለሙያም ቀላል ስላልነበር፣ የእጽዋት ተመራማሪው መስፍን ታደሰ በ1984 እ.ኤ.አ. የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ቢደንሶች የሚመለከት ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል።

አንድ አበባ መስሎ የሚታየው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው። ዙሪያውን የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎች ነፍሳትን ይጠራሉ እንጂ ዘር አይዙም፤ ዘሩ የሚገኘው መሐል ላይ ከታጨቁት ነው። የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ በመሆን ኑግም ሱፍም ዘመዶቹ ናቸው። ከመኪና መስኮት ሆኖ ቢጫ መስክ ያየ ሰው ሁሉንም አደይ ይለዋል እንጂ፣ ገሚሱ ኑግ ወይም መች የሚባለው ተክል ሊሆን ይችላል።

እንቁጣጣሽ ላይ ልጃገረዶች ከቄጤማ ጋር ይዘውት ይዞራሉ፤ የደመራው ጫፍም ያለ እሱ አያምርም። አበባው ግን በዓል ቆጥሮ አይወጣም፦ እንደየቦታው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ይቆያል።

ያው ተክል ከድንበር አልፎ ማሳ ሲገባ አረም ነው። ዘሩ በጋውን አፈር ውስጥ ከርሞ ከክረምቱ ዝናብ ጋር ስለሚበቅል፣ ከሰብሉ እኩል ያድጋል፤ ብርሃንና ምግብም ይሻማል። ጤፍና ገብስ ተበትነው ስለሚዘሩ በመካከላቸው ገብቶ መንቀል አድካሚ ነው። ገበሬው ቱፎርዲ የሚለው መድኃኒት ቅጠለ ሰፊውን አረም አጥፍቶ የሣር ወገን የሆኑትን ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ስለሚተው እዚያ ይሠራል። ኑግ ማሳ ላይ ግን አይሞከርም፤ ኑጉም ቅጠለ ሰፊ ነውና አብሮ ይሞታል። ያለው አማራጭ እጅ ነው፣ እሱም አበባው ሳይወጣና ዘሩ ሳይረግፍ።

ከአሜሪካ የመጣው የቅርብ ዘመዱ የሰይጣን መርፌ ከዚህ ይብሳል፤ ባለ እሾኽ ዘሩ ልብስና የከብት ፀጉር ላይ ተጣብቆ ይጓዛል። አደይ ያን ያህል አይሰደድም። ንብ አርቢም ባለበት እንዲቆይለት ይፈልጋል፦ በደጋው አገር ከመስከረም በኋላ የሚቆረጠው ማር ብዙው ከእሱ የተቀሰመ ነው።