መዋጮ በማቆም ዓለም አቀፍ ድርጅትን ማስተካከል ይቻላል? ከኮንጎ ዘመቻ የጀመረ ጭቅጭቅ

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የምትኖሩ ከሆነ እስቲ የሰፈራችሁን ዕድር አስቡ። ወርሃዊ መዋጮ አለ፤ መተዳደሪያ ደንብ አለ፤ ገንዘብ ያዥ አለ። አሁን ደግሞ ከዕድሩ ገቢ ሩቡን የሚከፍለው አንድ ሀብታም አባል ነው እንበል። ይህ ሰው አንድ ቀን ተነስቶ «አሠራራችሁን ካላስተካከላችሁ ከእንግዲህ አልከፍልም» ቢልስ? ቅሬታው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቡ በወጉ አልተያዘ ይሆናል። ግን በዚያው ሳምንት ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ ምን ይሁን?

አገሮችም በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ላይ ይህንኑ ያደርጋሉ። ነገሩ ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ጠቦች በአንዱ ደግሞ እኛም ነበርንበት።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1960 ኮንጎ ነፃ በወጣች በቀናት ውስጥ ተተራመሰች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጦር ላከ። ቀድመው ወታደር ከላኩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከ1962 እስከ 1963 ድረስ መላውን የድርጅቱን ጦር በኮንጎ ያዘዙትም ኢትዮጵያዊው ሌተናል ጄኔራል ከበደ ገብሬ ናቸው።

ዘመቻው ግን ውድ ነበር። አራት ዓመት ቆይቶ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ። በጦፈበት ወቅት የአንድ ዓመት ወጪው ከድርጅቱ መደበኛ በጀት ይበልጥ ነበር። ሂሳቡ ለአባል አገራት ሲከፋፈል ሶቪየት ኅብረትና ፈረንሳይ «አንከፍልም» አሉ። ሶቪየቶች ከዚህም በላይ ይፈልጉ ነበር። ዋና ጸሐፊው ዳግ ሐመርሾልድ ለምዕራቡ ያደላል ብለው ስላመኑ፣ ክሩሽቼቭ በ1960 «የአንድ ሰው ሥልጣን ይቅርና ሦስት ሰዎች በጋራ ይምሩት፤ አንድ ከምዕራቡ፣ አንድ ከሶሻሊስቱ፣ አንድ ከገለልተኞቹ» የሚል ሐሳብ አቀረበ።

ጉዳዩ ዘ ሄግ ወዳለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 1962 በ9 ለ5 ድምፅ «ይህ የድርጅቱ ወጪ ነው» አለ። የድርጅቱ ቻርተር አንቀጽ 19 ደግሞ የሁለት ዓመት መዋጮ ያህል ውዝፍ ያለበት አገር በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ታዲያ ሶቪየት ኅብረትን የሚያህል አገር ድምፅ ሊነጠቅ ነው? ማንም አልደፈረም። በ1964 የተከፈተው ጉባኤ ፍጥጫውን ለመሸሽ ሲል ድምፅ ሳይሰጥ፣ «ተቃዋሚ ከሌለ አልፏል» እየተባለ ከረመ ማለት ይቻላል። በነሐሴ 1965 አንቀጹ ይፈጸም ስትል የነበረችው አሜሪካ ራሷ ተወችው። ስትተወው ግን አንድ ነገር ተናገረች፦ ሌሎች አንከፍልም ማለት ከቻሉ፣ እኔም በቂ ምክንያት ሲኖረኝ እንዲሁ የማድረግ መብቴ የተጠበቀ ነው።

ውጤቱን ልብ በሉ። የሦስት መሪዎች ሐሳብ ከሽፎ ቀረ። ማለትም ገንዘብ መከልከሉ የተፈለገውን ለውጥ አላመጣም። በሩን ግን ከፈተ።

በዚያ በር አሜሪካ ገባች። በ1985 የአሜሪካ ምክር ቤት ሴናተር ናንሲ ካሰባም ያቀረቡትን ሕግ አጸደቀ። ሕጉ በበጀት ጉዳይ የአገሮች ድምፅ በመዋጮ መጠን ካልተመዘነ፣ አሜሪካ ከ25 በመቶ ድርሻዋ ወርዳ 20 በመቶ ብቻ እንድትከፍል ያዝዛል። ይህኛው በከፊል ሠራ። በታኅሣሥ 1986 ጠቅላላ ጉባኤው የአንድ አገር አንድ ድምፅን መርህ ሳይነካ፣ በጀት በተቻለ መጠን በሁሉም ስምምነት እንዲወሰን ተስማማ። ትልቅ ከፋዮች የፈለጉትን ያህል ባይሆንም ተደማጭነት አገኙ። በ1999 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ፤ 926 ሚሊዮን ዶላር ውዝፍ በቅድመ ሁኔታ ይከፈላል የሚል። በታኅሣሥ 2000 የአሜሪካ መደበኛ መዋጮ ወደ 22 በመቶ ወረደ።

ለምን ይኼኛው ተሳካ፣ የሶቪየቱ ከሸፈ? ሶቪየቶች የጠየቁት የድርጅቱን አናት ለሦስት መሰንጠቅ ነበር፤ አብዛኛው አገር አልፈለገውም። የአሜሪካ ጥያቄ ግን ጠበብ ያለና በድርድር ሊያልቅ የሚችል ነበር። ብክነት አለ የሚሉ ሌሎች አገሮችም ነበሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አሜሪካ እየከለከለችም ጠረጴዛው ላይ ቆይታ ትደራደር ነበር።

አሁን ወደ ሐዘንተኛው ቤተሰብ እንመለስ። ትልልቆቹ መዋጮ ሲይዙ ክፍተቱን ማን ይሸከማል? ድርጅቱ ጥሬ ገንዘብ ሲያጥረው ከሚያዘገያቸው ክፍያዎች አንዱ ሰላም አስከባሪ ለሚልኩ አገሮች የሚመልሰው ገንዘብ ነው። ወታደር የሚልኩት ደግሞ ባብዛኛው ድሆቹ አገሮች ናቸው። ኢትዮጵያም ለዓመታት ከላኪዎቹ ቀዳሚ ረድፍ ላይ ነበረች። ስለዚህ ዋሽንግተን ውስጥ በአስተዳደር ብክነት ተናዶ የተያዘ ገንዘብ፣ ብክነቱ ውስጥ እጁ የሌለበትን አገር ካዝና ሊያጎድል ይችላል። ድሃ አገር ደግሞ በዚህ መሣሪያ መልሶ መታገል አይችልም፤ የእሱ መዋጮ ቢቀር በጀቱ አይናጋም፤ ውዝፉ ሲበዛ ግን ድምፁን ያጣል።

የቅርቡን ታሪክ ታስታውሱት ይሆናል። በሚያዝያ 2020፣ ኮቪድ ዓለምን ባስጨነቀበት ሰሞን፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለዓለም ጤና ድርጅት የሚሰጠው ገንዘብ እንዲቆም አደረጉ። ድርጅቱን የሚመሩት የእኛው አገር ሰው ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ናቸው። በጥር 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን ውሳኔውን ሻሩት፤ በጥር 2025 ትራምፕ ዳግም ከድርጅቱ የመውጣት ትዕዛዝ ፈረሙ። ድርጅቱም የ2026–27 በጀቱን 21 በመቶ ቀንሶ ወደ 4.2 ቢሊዮን ዶላር አወረደው። ከመክፈል አልፎ ከቤቱ ሲወጣ ግን ጫናው መልኩን ይቀይራል፤ የወጣ ሰው ደንቡ ሲሻሻል አይጠየቅም።

ድርጅቶቹም ትምህርት ወስደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከገቢው ግዴታ የሆነው መዋጮ ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ቀሪው በጎ ፈቃድ ነው። በግንቦት 2022 አባል አገራት ይህ ድርሻ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ እንዲደርስ ተስማሙ። ከከተማችሁ በታክሲ ሜክሲኮ ደርሳችሁ ወደ ሳር ቤት ስታቀኑ የምታዩት የአፍሪካ ኅብረትም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት፤ የፕሮግራም በጀቱን አብዛኛውን የሚሸፍኑት የውጭ አጋሮች ናቸው። መሪዎቹ በ2016 ኪጋሊ ላይ ከተወሰኑ የገቢ ዕቃዎች 0.2 በመቶ ቀረጥ ተሰብስቦ ለኅብረቱ ይዋል ያሉት ለዚህ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የቤቱ ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ አይደር።

እና በሚቀጥለው ጊዜ «እገሌ የተባለ አገር መዋጮውን አቆመ» የሚል ዜና ስትሰሙ፣ ለመደገፍም ለመቃወምም ከመቸኮላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በትክክል ምን እንዲለወጥ ነው የፈለገው? ለመደራደር ቤቱ ውስጥ አለ ወይስ ወጥቷል? ገንዘቡ እስኪለቀቅ ድረስስ ጉድለቱን የሚሸከመው ማነው? የሦስተኛው መልስ ብዙ ጊዜ ዜናው ውስጥ አይገኝም፤ እሱን ፈልጋችሁ ማግኘት አለባችሁ።