መኪና በግል ሲሸጡ ከክፍያ ማጭበርበር ራስን እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

መኪናው ታይቷል፤ ሞተሩ ተፈትሿል፤ ዋጋው ተቆርጧል። ገዢው ስልኩን አውጥቶ ጥቂት ከነካካ በኋላ "ገንዘቡ ተላልፏል" ይላል፤ የባንክ ዓርማ ያለበትን ደረሰኝም ያሳያል። ወዲያው የሻጩ ስልክ የመልዕክት ድምፅ ያሰማል። ሻጩ ቁልፉንና ሊብሬውን ያስረክባል። በማግስቱ ወደ ባንክ ሲሄድ ግን በሒሳቡ የገባ አንድም ብር የለም፤ የገዢው ስልክም ዝግ ነው።

ያገለገሉ መኪናዎች ያለ ነጋዴ፣ በግለሰቦች መካከል በሚሸጡበት ቦታ ሁሉ ማጭበርበር ብዙውን ጊዜ ይህን መልክ ይይዛል። በኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ቀድሞውንም ውድ የነበረው ያገለገለ መኪና ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል። ለብዙ ቤተሰብ መኪና ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ያለው ትልቁ ንብረት ነው። የአንድ ከሰዓት በኋላ ጥድፊያም የዓመታት ቁጠባን ሊያሳጣ ይችላል።

በሽያጭ ወቅት ሁለት ነገሮች እጅ ይለዋወጣሉ፤ ገንዘቡ ወደ ሻጩ፣ መኪናውና ሰነዱ ወደ ገዢው። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት አይፈጸሙም። አጭበርባሪዎች የሚሠሩት በመካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ዓላማቸውም ሻጩ ገንዘቡ ሳይገባ እንደገባ እንዲያምን ማድረግ ነው።

መልዕክት መድረሱ ገንዘብ መግባቱን አያረጋግጥም

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የባንኮች የሞባይል መተግበሪያዎች ከተስፋፉ በኋላ፣ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ክፍያዎችን በስልክ መፈጸም የተለመደ ሆኗል። ይህ ምቾት ለአጭበርባሪዎችም አዲስ በር ከፍቷል። የእውነተኛ ዝውውር ምስል ተወስዶ ስሙ፣ መጠኑና ቀኑ ሊቀየር ይችላል። የባንክ መተግበሪያ የሚመስሉ፣ ነገር ግን ከየትኛውም ባንክ ጋር የማይገናኙ መተግበሪያዎችም አሉ። የተፈለገው ስምና የገንዘብ መጠን ሲገባባቸው "ክፍያው ተሳክቷል" የሚል ገጽ ያሳያሉ።

አጭር የጽሑፍ መልዕክትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ባንክ ላከው የተባለው መልዕክት ከተራ የሞባይል ቁጥር የመጣ ከሆነ፣ ወይም የሚጠቅሰው ቀሪ ሒሳብ ሻጩ ከሚያውቀው ጋር የማይጣጣም ከሆነ ሐሰተኛነቱ ግልጽ ነው። ይሁንና የላኪው ስም ራሱ ተመሳስሎ ሊቀርብ ስለሚችል፣ እንከን የማይወጣለት መልዕክትም ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

አስተማማኙ መንገድ ሻጩ ራሱ ወደ ሒሳቡ ገብቶ ቀሪ ገንዘቡን መመልከቱ ነው። ይህም በራሱ ስልክ ባለው መተግበሪያ፣ በንግድ ባንክ *889# ወይም በቴሌብር *127# በመደወል፣ አልያም በባንኩ ቅርንጫፍ በአካል በመገኘት ሊከናወን ይችላል። ገዢው በላከው ማስፈንጠሪያ ወይም በሰጠው "የባንክ ስልክ ቁጥር" ማጣራት ግን ምስክሩን በተከሳሹ እንደማስመረጥ ይቆጠራል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የጥሪ ማዕከል 951 ነው፤ የሌሎች ባንኮችም ቁጥር በየቅርንጫፉና በየመተግበሪያው ይገኛል።

"ኔትወርክ ተጨናንቆ ነው፤ እስከ ማታ ይገባል" የሚለው ማመካኛ እጅግ የተለመደ ነው። ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው የሚደረግ ዝውውር በእርግጥም የሚዘገይበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ የሻጩ ምላሽ አንድ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ እስኪገባ መኪናውም ቆሞ ይጠብቃል። ቅን ገዢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ገንዘብ ለመቀበል የምስጢር ቁጥር አያስፈልግም። "ክፍያውን እንድልክ በስልክህ የደረሰህን ኮድ ንገረኝ" የሚል ገዢ የሻጩን ሒሳብ ሊከፍት እየሞከረ ነው።

በሻጭና በገዢ መካከል የሚቆመው ሦስተኛ ሰው

ከሐሰተኛ ደረሰኝ የረቀቀው ማጭበርበር ሻጩንም ገዢውንም በአንድ ጊዜ የሚጎዳው ነው። አጭበርባሪው የሻጩን ማስታወቂያ ገልብጦ በዝቅተኛ ዋጋ ያወጣል። እውነተኛ ገዢ ሲደውልለት ራሱን የመኪናው ባለቤት ያደርጋል፤ ለሻጩ ደግሞ ገዢ ሆኖ ይቀርባል። ከዚያም ለሻጩ "መኪናውን የሚያይልኝ ወንድሜን እልካለሁ፤ ስለ ዋጋ አታናግረው" ይለዋል። ለገዢው በበኩሉ "መኪናውን የሚያሳይህ ሠራተኛዬ ነው፤ ስለ ዋጋ ከእኔ ጋር ብቻ ተነጋገር" ይለዋል።

ገዢው መኪናውን አይቶ ይረካል፤ ገንዘቡንም አጭበርባሪው ወደሰጠው ሒሳብ ያስገባል። ደረሰኙ እውነተኛ ነው፤ ገንዘቡም በእርግጥ ተልኳል፤ የደረሰው ግን ለሻጩ አይደለም። ከዚያ በኋላ ሁለት ቅን ሰዎች "ከፍያለሁ"፣ "አልተቀበልኩም" እየተባባሉ ይፋጠጣሉ።

መከላከያው ቀላል ነው። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ተገናኝተው ዋጋውን በአንደበታቸው መናገር፣ ገንዘቡ የሚገባበትን ሒሳብ ስምና ቁጥር ሻጩ ራሱ መስጠት፣ ገዢውም የሒሳቡ ስም በሊብሬው ላይ ካለው ስም ጋር አንድ መሆኑን ማየት አለባቸው። ደላላ በመካከል ቢኖርም የመኪናው ዋጋ በደላላው ሒሳብ በኩል ማለፍ የለበትም፤ የደላላው ድርሻ ለብቻው ይከፈላል። "ከሌላው ወገን ጋር አትነጋገር" የሚል ማንኛውም ሰው ሊያስጠረጥር ይገባል።

ቼክ፣ ሲፒኦና ጥሬ ገንዘብ

ተራ ቼክ ገንዘቡ እስኪከፈል ድረስ ተስፋ እንጂ ክፍያ አይደለም። በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። ቅጣቱ ግን ተሸጦ የሄደን መኪና አይመልስም።

ሲፒኦ የተሻለ ዋስትና አለው፤ ባንኩ ገንዘቡን ከደንበኛው ሒሳብ አስቀድሞ ቀንሶ የሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ ነውና። ሆኖም ወረቀቱ ራሱ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ሲፒኦውን ያወጣው ቅርንጫፍ ድረስ ከገዢው ጋር ሄዶ ማረጋገጥና ወደ ሒሳቡ ማስገባት ይኖርበታል። ውል የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥሬ ገንዘብ የዝውውር ጥርጣሬ ባይኖርበትም የራሱ አደጋ አለው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. አዳዲስ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲወጡ የ200 ብር ኖትም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ውሏል። በርካታ እስር ብር በመኪና ውስጥ ወይም በካፌ ጠረጴዛ ላይ መቁጠር ለሐሰተኛ ኖት፣ ለጎደለ እስርና ለዝርፊያ ያጋልጣል። ጥሬ ገንዘብ መቀበል ግድ ከሆነ ቦታው የሻጩ ባንክ ነው፤ ገንዘቡ በገንዘብ ያዡ ፊት ተቆጥሮና ተመርምሮ ወዲያው ገቢ ይደረጋል።

ፊርማው የሚመዝነው ምን ያህል ነው?

በአዲስ አበባ የመኪና ሽያጭ ውል የሚፈረመው ሕዝቡ እስከ ዛሬ "ውልና ማስረጃ" ብሎ በሚጠራው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው። በውሉ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሻጩ የሽያጩን ዋጋ ሙሉ በሙሉ መቀበሉን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይገኛል። ብዙ ሰዎች እንደ ተራ ልማድ አንብበው ያልፉታል።

ሕጉ ግን እንደ ተራ ነገር አያየውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2005 በጽሑፍ የሰፈረ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ ማስረጃ እንደሆነ ይደነግጋል። በቁጥር 2006 ደግሞ በመርህ ደረጃ በጽሑፍ የሰፈረውን ቃል በሰው ምስክር መቃወም እንደማይቻል ያስቀምጣል። ስለዚህ "ከፊርማ በኋላ እከፍላለሁ" ያለውን ገዢ አምኖ "ሙሉውን ተቀብያለሁ" በሚለው ቃል ሥር የፈረመ ሻጭ፣ በኋላ ፍርድ ቤት ሲቆም የራሱ ፊርማ ይቃወመዋል።

ክፍያው በከፊል ብቻ ተፈጽሞ ከሆነ ውሉ የተከፈለውን፣ የቀረውንና የመክፈያውን ቀን በግልጽ መናገር አለበት። ቀብድ የተቀበለ ሻጭም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በዚሁ ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በመሆኑም ስለ ቀብድ የሚደረግ ስምምነት በጽሑፍ መሆኑ ሁለቱንም ይጠብቃል።

ስም ሳያዛውሩ በውክልና ብቻ መኪና አሳልፎ መስጠትም ሌላ ዕዳ ያመጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ የሚነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ። ገንዘቡን ያልተቀበለ፣ ስሙ ግን በመዝገብ ላይ የቀረ ሻጭ በሁለት በኩል ይጎዳል።

በኬንያ ያለው ልዩነት

እአአ በ2007 ኤም-ፔሳን ባስጀመረችው ኬንያ የስልክ ክፍያ የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ነው። ለመኪና ሽያጭ ግን ወሰን አለው። በአንድ ጊዜ መላክ የሚቻለው ከፍተኛው መጠን 250 ሺህ፣ በቀን ደግሞ 500 ሺህ ሽልንግ ነው። ስለዚህ "ሚሊዮኑን ሽልንግ በአንድ ጊዜ ልኬዋለሁ" የሚል ገዢ የሚያሳየው መልዕክት ሊታመን አይችልም።

በተጨማሪም ላኪ በስህተት የላከው ገንዘብ እንዲመለስለት መልዕክቱን ወደ 456 በማስተላለፍ መጠየቅ ይችላል። ይህ ለቅን ተጠቃሚ የተዘጋጀ አገልግሎት በአጭበርባሪ እጅ ሲገባ፣ መኪናውን ከተረከቡ በኋላ ክፍያውን ለማስመለስ መሞከሪያ ሊሆን ይችላል። ከፍተኛ ክፍያ ከባንክ ወደ ባንክ እንዲፈጸም መስማማት የተሻለ ነው። የባለቤትነት ዝውውሩ በኢንተርኔት የሚከናወን በመሆኑም ሻጩ የራሱን ድርሻ ማጽደቅ ያለበት ገንዘቡ በሒሳቡ መኖሩን ካየ በኋላ ብቻ ነው።

በውጭ አገር ለሚሸጡ

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መኪናቸውን በኢንተርኔት ገበያዎች ይሸጣሉ። በአሜሪካ የተለመደው ወጥመድ ሐሰተኛ የባንክ ቼክ ነው። በአገሪቱ ሕግ ባንኮች ገቢ የተደረገ ቼክን ገንዘብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለደንበኛው መልቀቅ አለባቸው። ገንዘቡ በሒሳብ ላይ መታየቱ ግን ቼኩ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ከሳምንታት በኋላ ሐሰተኛነቱ ሊታወቅ ይችላል፤ ባንኩም ገንዘቡን የሚጠይቀው ቼኩን ያስገባውን ሰው ነው።

ከዋጋው በላይ የሆነ ቼክ ልኮ "ትርፉን ለመኪና አጓጓዡ ላክልኝ" ማለት የዚሁ ማታለያ ሌላ ገጽታ ነው። ከዋጋው በላይ መክፈል ቅን ገዢ የሚያደርገው ነገር አይደለም። ቼክ መቀበል ካስፈለገ በገዢው ባንክ ቅርንጫፍ ተገናኝቶ፣ ቼኩ በሻጩ ፊት ሲወጣ ማየት ይመረጣል።

የሽያጩ ቅደም ተከተል

አብዛኛውን ጉዳት የሚከላከለው የሚከተለው ቅደም ተከተል ነው፦

• ገዢውን በአካል ማግኘት፣ መታወቂያውን ማየትና ዋጋውን በቀጥታ መስማማት፤
• መኪናው ሲሞከር አብሮ መሆን፣ ሊብሬውንም አለመስጠት፤
• በሥራ ቀንና ሰዓት፣ ባንክ ክፍት ሳለ መገናኘት፤ ከምሽትና ከበዓል ዋዜማ መራቅ፤
• ገንዘቡን በራስ መንገድ አረጋግጦ ከዚያ በኋላ መፈረም፤
• ከፊርማ በኋላ ቁልፉንና ሊብሬውን ማስረከብ፣ የስም ዝውውሩንም እስከ መጨረሻው መከታተል።

ማጭበርበሩ ተፈጽሞ ከሆነስ?

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። ገንዘብ ወደ ሌላ ሰው ሒሳብ ሄዶ ከሆነ፣ ከሒሳቡ ከመውጣቱ በፊት እንዲታገድ ለባንኩ ወዲያው ማሳወቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ለፖሊስ ማመልከት፣ የመኪናው ስም እንዳይዛወርም ለተሽከርካሪ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅና የፍርድ ቤት እግድ መጠየቅ ይገባል። መልዕክቶች፣ የስልክ ቁጥሮች፣ የማስታወቂያው ምስልና የመታወቂያ ቅጂ ሳይሰረዙ መቀመጥ አለባቸው። በማታለል የሌላን ሰው ንብረት መውሰድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ድርጊት ነው። አፍሮ ዝም ማለት የሚጠቅመው አጭበርባሪውን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ገዢን እንደ ሌባ መቁጠር የሚመስላቸው ይኖራሉ። በባንክ ቅርንጫፍ መገናኘት፣ ስም ከስም ማመሳከርና ገንዘቡ እስኪገባ መጠበቅ ግን ገዢውንም ከሐሰተኛ ባለቤትና ከተሰረቀ መኪና ይጠብቀዋል። እውነተኛ ገዢ የሚያጣው ግማሽ ቀን ነው፤ ይህን ጊዜ ለመስጠት ከማይፈቅድ ሰው ጋር ሽያጩን ማቆም ይሻላል።