ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ፦ የንዑሳን ሕዝቦች ዕጩ ሸክም በጫግኒና በመተከል

ጫግኒ ዛሬ በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የምትገኝ ከተማ ናት። ቀደም ባለው ዘመን ግን በጎጃም ሥር የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ፌዴራላዊው አወቃቀር ሲዘረጋ መተከል ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ተካተተ፣ የዞኑም መቀመጫ ግልገል በለስ ሆነ፤ የቀድሞዋ ዋና ከተማ ከወሰኑ ወዲህ ቀረች። ስለዚህ አካባቢው ፖለቲካዊ ውክልናን ለሚያጠና ሰው በቀላሉ የማይገኝ ማነጻጸሪያ ነው። ከጫግኒ ተነሥቶ ወሰኑን አልፎ የመተከሏ ማንዱራ የገባ መንገደኛ እዚያም የሚያገኘው ጉሙዙን፣ አገውን፣ አማራውንና ሺናሻውን ነው። የሚለወጠው ማን ብዙኃን፣ ማን ንዑስ እንደሆነ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአዊ ዞን ነዋሪ ወደ 60 በመቶው አዊ፣ 38 በመቶ ገደማው አማራ ነበር። ጉሙዙ በቀረችው ጥቂት እጅ ውስጥ ነው የሚገኘው፤ በመላ አገሪቱ ያለው ቁጥሩ ራሱ በዚያው ቆጠራ ወደ 160 ሺህ ነበር። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ የብሔረሰብ ምክር ቤት ሲያቋቁም ለጉሙዝ አላቋቋመም። ከወሰኑ ወዲያ ነገሩ ይገለበጣል። የቤንሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሎ በስም ይጠራል፤ አገው፣ አማራና ኦሮሞ ግን በክልሉ የሚኖሩ ሌሎች ሕዝቦች ተብለው ይታለፋሉ። ከመካከላቸው አያት ቅድመ አያቱ እዚያው የተቀበረለት ብዙ ነው።

የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። በሁለቱም ወገን የንዑሱ ሕዝብ ዕጩ ከሌላው ዕጩ የማይጠየቁ ሁለት ነገሮች ይጠየቃል። አንደኛው ወገኑን በአካሉ መስሎ እንዲገኝ ነው፣ ድህነቱን ጭምር። ሁለተኛው ለብዙኃኑ ስጋት አለመሆኑን ዘወትር እንዲያስመሰክር ነው። ሁለቱን አሟልቶ ቢመረጥ እንኳ የወገኑን ኑሮ የሚለውጥበት ሥልጣን እጁ አይገባም። ሐና ፒትኪን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመችው የውክልና ጥናት ወካዩ ተወካዩን በመምሰሉ ከሚገኘው ውክልና ለተወካዩ በሚሠራው ሥራ የሚለካውን ለይታ ነበር። እኛ ዘንድ የንዑሳን ዕጩ የሚፈለገው ለመጀመሪያው ነው፤ የሚወቀሰው ግን ሁለተኛውን አላደረገም ተብሎ ነው።

በአካል መምሰል ሲባል አንዱ የቆዳ ቀለም ነው፤ የቀለሙ ጉዳይ በአገራችን ምሁራዊ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይድበሰበሳል። ቀይና ጥቁር የሚለው መለያ የቆዳን መልክ ብቻ የሚናገር ይመስላል፤ በጎጃም ምዕራባዊ ቆላ ግን የባርነት ታሪክ የጣለው የማዕረግ ደረጃ ነው። ጉሙዞች ከደጋውም ከሱዳን በኩልም በሚመጡ ባሪያ ፈንጋዮች ለትውልዶች ታድነዋል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን ጉዳይ ለዓለም መልስ መስጠት ነበረባት፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የታገደው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው። አዋጁ ሰውን ነፃ አወጣ። ለተፈነገለው ሕዝብ ግን መሬትም ካሣም አልሰጠም፤ የዘለፋ ስሙንም ከአፍ አላወጣም። ዛሬ የጉሙዝ ዕጩ መድረክ ላይ ሲቆም አንዳንዱ አድማጭ ከሚለው ነገር በፊት መልኩን ይሰማል። ይህን ደፍሮ መናገር የግድ ይመስለኛል።

ድህነቱ ደግሞ ለዐይን ቅርብ ነው። በወሰኑ አካባቢ ገበያዎች የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን በዘንግ ሁለት ጫፍ አንጠልጥለው፣ ዘንጉን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ይመጣሉ። ሸክሙ ሚዛኑን ጠብቆ፣ እርምጃው ሳይዛነፍ ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ከተሜው ይህን አረማመድ ያደንቃል፤ ፎቶም ያነሣል። ለምን አህያ ወይም ጋሪ እንደሌላቸው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መልሱ ያለው መሬቱ ላይ ነው። የጉሙዝ ግብርና ማሳን እያሳረፉ ወደ ሌላ በመዛወር ላይ የቆመ ነበር፤ ይህ ደግሞ ሰፊ መሬት ይጠይቃል። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ደርግ ከወሎና ከሌላውም አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በጣና በለስ ፕሮጀክት መተከል ውስጥ ፓዌ ላይ አሰፈረ። ቀጥሎ የመጡት የእርሻ ኢንቨስተሮች ሰፋፊ መሬት በሊዝ ወሰዱ። ሰፋሪውም ቢሆን ረኃብ ያፈናቀለው ድሃ ነበር፤ ድሃ ከድሃ በአንድ መሬት ላይ ተፋጠጠ።

ከዚህ ሕዝብ የወጣ ዕጩ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ድልድይ እንዲያመጣ ይጠበቃል። ወረዳ በየዓመቱ የሚደርሰው የድጎማ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚውል ግን በወረዳ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የብዙኃኑ ተመራጭ ድልድይ ሳያመጣ ሲቀር በጀት የለም ይባልለታል። የንዑሱ ተመራጭ ሳያመጣ ሲቀር በወገኑ ዘንድ ሆዳም፣ በሌላው ዘንድ ያልበቃ ይባላል፤ የአንድ ሰው ጉድለት በአንድ ሕዝብ ስም ይጻፋል። በኢሕአዴግ ዘመን ይህ አቅም ማጣት መዋቅራዊ ነበር። የቤንሻንጉል ጉሙዝ ገዥ ድርጅት አጋር ተብሎ ከአራቱ አባል ድርጅቶች ውጭ ስለቆየ የፌዴራሉ መንግሥት ዋና ውሳኔ የሚያልፍበት ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ ድምፅ አልነበረውም። በ2012 ዓ.ም. ብልጽግና ሲመሠረት አጋርነቱ ቀረ። ዕጩን የሚያቀርበው ፓርቲ መሆኑ ግን አልተለወጠም።

የምርጫ ሥርዓታችንም ሸክሙን ያከብደዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ ምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎች የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ተበታትኖ የሚኖር ትንሽ ሕዝብ በዚህ ስሌት ብቻውን አያሸንፍም። ያው አንቀጽ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለአናሳ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ ቢያስቀምጥም፣ ያ መቀመጫ በዞንና በወረዳ ደረጃ ሌላ ሕዝብ መካከል ለሚኖር ንዑስ ወገን አይደርስም።

የተጠበቀ መቀመጫ ብቻውንም አያድንም። ህንድ ይህን ቀድማ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1932 ጋንዲ በእስር ቤት ሆኖ በመጾሙ፣ የዳሊቶች መሪ አምቤድካር የማይነኩ ተብለው ለተገለሉት ወገኖቹ የጠየቀውን የተለየ የመራጮች መዝገብ ትቶ በፑና ስምምነት 148 የተጠበቁ መቀመጫዎችን ተቀበለ፤ መራጩ ግን ሁሉም ሕዝብ ሆነ። አምቤድካር የፈራው ብዙኃኑ የሚመቸውን ዳሊት ይመርጣል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በመጀመሪያው አገራዊ ምርጫ የሕገ መንግሥቱ ዋና አርቃቂ እርሱ ራሱ በቦምቤይ በኮንግረስ ፓርቲ ዳሊት ዕጩ ተሸነፈ። በአንጻሩ ሮሂኒ ፓንዴ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችው ጥናት የተጠበቁት መቀመጫዎች ለእነዚህ ወገኖች የሚመደበውን ድጋፍ እንዳሳደጉ አሳይቷል። መቀመጫው ይጠቅማል፤ የሚቀመጠውን የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከመቀመጫው ጋር መመለስ አለበት።

ወደ መተከል ስንመለስ፣ በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ከነባር ብሔረሰቦች ውጭ የሆኑ የቤንሻንጉል ጉሙዝ ነዋሪዎች ከእነዚህ ብሔረሰቦች የአንዱን ቋንቋ አታውቁም ተብለው ከዕጩነት ተሰረዙ። ጉዳዩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ፤ ምክር ቤቱም በ1995 ዓ.ም. የክልሉን የሥራ ቋንቋ፣ ማለትም አማርኛን፣ ማወቅ ለዕጩነት ይበቃል ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ምርጫው ካለፈ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ መጣ። ለተሰረዙት ሰዎች ያ ወንበር አልተመለሰም።

ቀለምና ማዕረግ በቦታ እንደሚለዋወጡ ከአገር ውጭ ያለው ወገናችን ያስተምረናል። በእስራኤል አዲሱ መሰለ እ.ኤ.አ. በ1996 ክኔሴት ወደሚባለው የአገሪቱ ምክር ቤት የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ሲጣል መኖሩ ተጋልጦ ነበር። በጎንደር አካባቢ የተወለደችው ፕኒና ታማኖ ሻታ የክኔሴት አባል ሳለች እ.ኤ.አ. በ2013 ደም ለመስጠት ቀርባ በትውልዷ ምክንያት እንዳትሰጥ ተደረገች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሚኒስትር ሆነች። ጎንደር ላይ ማንም ጥቁር ብሎ የማይለየው ሰው ቴል አቪቭ ላይ በጥቁርነቱ ይለያል። እዚያ በወገናችን ላይ የደረሰውን ስናወግዝ፣ ጫግኒ ገበያ ላይ ጉሙዟን ሴት የምናይበትን ዐይን አብረን መመርመር ይገባናል።

ከሁሉ የከበደው ሸክም ከደም የመጣው ነው። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በአዊ ዞን በጃዊ ወረዳ ጉሙዞች ተጨፍጭፈዋል። በታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችም ጫግኒ አጠገብ ራንች በተባለው መጠለያ ሰፈሩ። በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አገሪቱ ስትመርጥ መተከል አልመረጠም፤ ቀሪው ምርጫ የተካሄደው በሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለምርጫ የሚቆም ጉሙዝ የታጣቂ ወገን አለመሆኑን ሳያስረዳ ስለ ውኃና ስለ መንገድ መናገር አይፈቀድለትም። ግልገል በለስ ላይ የሚቆም አማራ ወይም አገውም መተከልን ወደ ጎጃም ለመመለስ የመጣ ተብሎ ይጠረጠራል። ሁለቱም ስላልሠሩት ወንጀል፣ ስላላቀዱት ዕቅድ መልስ ይጠየቃሉ።

መፍትሔውን ከዕጩዎቹ ጽናት መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም። የአማራ ክልል በአዊ ዞንና ጉሙዞች በሚኖሩባቸው ወረዳዎች ምክር ቤቶች ለጉሙዝ መቀመጫ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ዕጩውን የሚያቀርቡትም የሚመርጡትም ራሳቸው ጉሙዞች ይሁኑ። የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልልም ሌሎች ሕዝቦች ብሎ ለጠራቸው ነዋሪዎቹ በዞንና በወረዳ ያንኑ ያድርግ፤ አንዱ ሲያደርግ ሌላው ቢተወው በወሰኑ ላይ ያለው ቂም አይበርድም። ለሁለቱም የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልግም፤ ክልሎቹ በየራሳቸው ሕገ መንግሥትና ሕግ ሊወስኑት የሚችሉት ጉዳይ ነው።