የታመነ ሰው ፍለጋ፦ የመመረቂያ ጽሑፍና በክፍያ የሚገኝ እርዳታ

ተማሪ ለጽሑፍ ሥራው ገንዘብ ከፍሎ ሰው መፈለጉ የዛሬ ዘመን አመል ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገሩ ግን ረጅም መንገድ መጥቷል። ማንበብና መጻፍ የጥቂቶች ሙያ በነበረበት ጊዜ በየፍርድ ቤቱ ደጅ ማመልከቻ ጸሐፊ ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬም አለ። ባለጉዳዩ ይናገራል፣ ጸሐፊው በወጉ ያሰፍርለታል፣ ዋጋውን ይቀበላል። ነውር የለበትም። ጉዳዩ የባለጉዳዩ ነው፤ የተገዛው የአጻጻፍ ወጉ ብቻ ነው።

በቅኔ ቤት ግን እንዲህ ያለ ገበያ ሥር ሊሰድ አይችልም ነበር። ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል። መምህሩ ያርማል፣ ይጠይቃል። የሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ተማሪ ምሥጢሩን ፍታ ሲባል መግቢያ ይጠፋዋል።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በገነተ ልዑል ግቢ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም፣ መማሪያው እንግሊዝኛ፣ የእውቀት ማሳያውም የተጻፈ ወረቀት ሆነ። ሲኒየር ኤሴይ የምንለው የመመረቂያ ጽሑፍም ልማድ እየሆነ መጣ። የታሪክ ተማሪዎች ወደየአውራጃቸው ሄደው፣ ሽማግሌ ጠይቀው የጻፏቸው ወረቀቶች ዛሬም ስድስት ኪሎ ይገኛሉ፤ ተመራማሪዎችም እንደ ምንጭ ይጠቅሷቸዋል። ያኔ የሚከፈልበት እርዳታ ታይፕ ነበር። ተማሪው በእጁ የጻፈውን ሰጥቶ በገጽ ሒሳብ ይከፍላል። የታመነ ታይፒስት ማለት ወረቀት የማይጥል፣ ፊደል የማይገድፍ፣ በቀጠሮው የሚያደርስ ማለት ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ የታይፕ ቤቱ ሥራ መልኩን ለወጠ። የአምናው ተመራቂ ጽሑፍ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል፤ ሽፋኑ ላይ ስም መለወጥ ደግሞ የደቂቃ ሥራ ነው። ቀጥሎ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየግንቡና በየስልክ እንጨቱ ተለጠፉ፤ ኋላም ወደ ቴሌግራም ገቡ።

ተማሪውን ሰነፍ ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በእንግሊዝኛ አደረገ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥርም ከ40 በላይ ደረሰ። በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ሳይጽፍ የመጣ ልጅ ድንገት ሙሉ ጥናት ጻፍ ይባላል፤ አማካሪው ደግሞ በተማሪ ብዛት ተጨናንቋል። ታዲያ ልጁ ማንን ይጠይቅ?

በሌላውም ዓለም ያው ነው። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተርም ፔፐር የሚሸጡ ድርጅቶች በይፋ ይነግዱ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የተማሩ ሥራ አጥ ወጣቶች ለአሜሪካና ለእንግሊዝ ተማሪዎች እየጻፉ ይኖራሉ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2020፣ እንግሊዝ በ2022 ሕግ አውጥተው ንግዱን ከልክለዋል፤ ሕጎቹ የሚቀጡትም ሻጩን እንጂ ተማሪውን አይደለም።

«የሚታመን ሰው ታውቃለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም በየግቢው አለ። ግን ምን ዓይነት እምነት ነው? ሻጩ ያንኑ ወረቀት ለሁለት ቢሸጥ ገዢው የት ሄዶ ይከሳል? ነገ ስምህን አወጣለሁ ቢለውስ? ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፤ የዛሬ 30 ዓመት ስለ አንድ ወረዳ የሚያጠና ሰው ያንን ወረቀት ከመደርደሪያ አንሥቶ ያምነዋል። ያልተጠየቀ ሽማግሌ እንደተጠየቀ ሆኖ በታሪካችን ውስጥ ይገባል።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና እውቀትን ይለካ ይሆናል፤ መጻፍን ግን አይለካም። ለዚህ የቅኔ ቤቱ መንገድ ይሻላል፦ ተማሪው ምዕራፍ በምዕራፍ ለአማካሪው በቃሉ ያስረዳ፣ ይጠየቅ፣ ይታረም። ቋንቋውን ከፍሎ ያሳረመ ደግሞ ያራሚውን ስም በምስጋናው ገጽ በግልጽ ይጻፍ፤ እንደ ማመልከቻ ጸሐፊው ነውር የለበትም። እኛ የቀድሞ ተማሪዎችም በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ መጥተን የአንድ ተማሪን ረቂቅ ብናነብ፣ ልጁ የሚታመን ሰው ፍለጋ ወደ ስልክ እንጨቱ መሄድ አያስፈልገውም።