የአካል ክፍል ልገሳና የለጋሽ ፈቃድ

አንዳንድ አገራት በሕይወት ሳለ ተቃውሞውን ያላስመዘገበ ዜጋ ከሞት በኋላ አካሉን ለመለገስ እንደተስማማ የሚቆጥር ሕግ አላቸው። ስፔን ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1979 ብታወጣም የለጋሾች ቁጥር በጉልህ የጨመረው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ብሔራዊ አስተባባሪ ተቋም ተመሥርቶ በየሆስፒታሉ ቤተሰብን የሚያነጋግሩ ባለሙያዎች ከተመደቡ በኋላ ነው። ዛሬም በዚያው አገር የቤተሰብ ፈቃድ ይጠየቃል።

በአገራችን ዝምታ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሕይወት ባሉ ዘመዶች ፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። የዓይን ብሌን ግን የሚለገሰው ከሞት በኋላ ነው።

በመሆኑም የዓይን ብሌናቸውን ለመለገስ የሚፈልጉ የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች፦

• በኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት የልገሳ ቃል መግቢያ ቅጽ ይሞላሉ፤
• ውሳኔያቸውን ለቤተሰባቸው በግልጽ ያሳውቃሉ።

ብሌኑ ሕይወት ካለፈ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መነሳት ስላለበት፣ ቤተሰብ ያላወቀው ቃል ሳይፈጸም ሊቀር ይችላል። የአንድ ለጋሽ ሁለት ብሌኖች ለሁለት ሰዎች ብርሃን ይሰጣሉ። ልገሳው ያለክፍያ የሚፈጸም ሲሆን፣ የአካል ክፍልን መሸጥ በወንጀል ያስጠይቃል።