በሰው ዜማ ላይ የተገጠመ ግጥም

በ1895 ዓ.ም. በወርኃ ታኅሣሥ የባቡሩ ሐዲድ ከጂቡቲ ተነሥቶ ያን ሁሉ በረሓ አቋርጦ ከተራራው ግርጌ በደረሰ ጊዜ፣ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ የተጠራችው ድሬዳዋ ከደቻቱ አሸዋ ግራና ቀኝ ተቈረቈረች። ባቡሩም ከጨርቁና ከሸቀጡ ጋራ ግሪኩን፣ አርመኑን፣ የየመኑን ዐረብና ሕንዱን ነጋዴ ከነዘፈኑና ከነተረቱ ያወርድላት ስለ ነበረ፣ የሌላውን ሰው ድርሰት ሰምቶ መውደድ፣ ከወደዱትም በኋላ በገዛ ቋንቋ መልሶ መድረስ በከዚራም ሆነ በመጋላ ሰፈር የተለመደ ነገር ሆነ። እንግዲህ ዛሬ ወጣቶቻችን ፋን ፊክሽን ስለሚሉት፣ ይኸውም አንባቢ በወደደው ልብ ወለድ ላይ የራሱን ቅጥያ እየጻፈ ለመሰሎቹ ስለሚያድልበት ልማድ በሚነጋገሩበት ጊዜ፣ የድሬዳዋ ሰው ነገሩን እንደ እንግዳ ደራሽ ሊመለከተው አይገባም ባይ ነኝ።

በ1950ዎቹ መባቻ በዚህች ከተማ ሠርግ የደገሰ የኦሮሞ ቤተሰብ ለሙሽራው የሚያስጠራለት ዘፋኝ በሶማልኛ፣ በሐረሪ ወይም በዐረብኛ የሚያዜም ነበር፤ ኦሮምኛው በእርሻውና በከብት ጥበቃው ስፍራ፣ በእናቶችም እንጉርጉሮ እንደ ልብ ሲነገር ሳለ፣ ወደ መድረክ በሚወጣበት ጊዜ ግን አንደበቱ ይታሰር ነበርና። ይህ ነገር ያንገበገባቸው ወጣቶች፣ ከእነርሱም መካከል አቡበከር ሙሳና ዓሊ ሸቦ የሚገኙባቸው፣ አፍረን ቀሎ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ስሙንም የአካባቢው ኦሮሞ ትውልዱን ከሚቈጥርባቸው ከአራቱ የቀሎ ልጆች ወሰዱ።

የዚያ ዘመን የድሬዳዋ ልጅ የሕንድ ፊልም አይቶ ከሲኒማ ቤት ሲወጣ፣ የቃሉ ምሥጢር ባይገለጥለትም ዜማውን በልቡ ጽፎ ይመለሳል፤ ከሱዳንና ከዐረብ አገር በሬዲዮ የሚመጣውንም እንዲሁ። ከዚያም ያንኑ ዜማ አዲስ ቃል ያለብሰዋል፤ የፊልሙ ጀግና ለቦምቤይዋ ቈንጆ ያዜመላትን እርሱ ወደ ድሬዳዋዋ ሰፈር ወደ ገንደ ቆሬ ልጃገረድ አዙሮ ያዜመዋል። ግጥሙ ለሠርግ ወይም ለዒድ ይደረሳል፤ በማግሥቱም በሰው አፍ ይዞራል፤ ዋጋው ጭብጨባና እራት ነው። የአፍረን ቀሎ ልጆች ያደጉት በዚህ ልማድ ውስጥ ሲሆን፣ እነርሱ የጨመሩበት ትልቁ ነገር ኦሮምኛውን አለ ይሉኝታ በመድረክ ላይ ማቆማቸው ነው።

ከእነርሱ መካከል በገንደ ቆሬ የተወለደው፣ በልጅነቱ ዐረብኛ የተማረው ዓሊ መሐመድ ሙሳ ገና ለአቅመ አዳም ሳይደርስ ከማኅበሩ ጋራ ቆሞ ዘፈነ፤ የመጀመሪያ ዘፈኑ መጠሪያም ስሙ ሆኖ ቀረና ዓሊ ቢራ ተባለ። መንግሥት ግን ማኅበሩን በጥርጣሬ ዐይን ተመልክቶ አገደው፤ አባላቱም አንዳንዱ ታስሮ አንዳንዱ ተሰድዶ ተበተኑ፤ ዓሊም በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል አገለገለ። ለኦሮምኛ ቋንቋ በ1948 ዓ.ም. የራሱን ፊደል የፈጠረው፣ ግጥሞቹን ደቀ መዛሙርቱ በቃል እያጠኑ ያዳረሱለት ሊቁ ሼኽ በክሪ ሳጳሎም በዚሁ በድሬዳዋ በቁም እስር መቀመጡ የዘመኑን ጠባይ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ የወደዱትን የሰው ታሪክ እንደ ገዛ ፈቃድ ማደስ በሲኒማ የተጀመረ አይደለም። የመቄዶንያው ንጉሥ የእስክንድር ዜና ከዐረብኛ ወደ ልሳነ ግእዝ በተመለሰ ጊዜ፣ የእኛ ጸሓፍት አረማዊውን ንጉሥ እንደ ነበረ አልተዉትም፤ ጾመኛና ጸሎተኛ፣ በሥላሴ የሚያምን ክርስቲያን አደረጉት እንጂ። ሰውየው ጌታችን ከመወለዱ ከ300 ዓመት በፊት ማረፉ ለአፍታ እንኳ አላሳሰባቸውም፤ እኔም ስለዚህ ድፍረታቸው እወድዳቸዋለሁ። ዎሊስ በጅ የተባለው እንግሊዛዊ በ1896 እ.ኤ.አ. እነዚህን የግእዝ ድርሳናት በለንደን ሲያሳትም፣ አውሮፓ የሚያውቀው ጦረኛ በኢትዮጵያ ብራና ላይ መናኝ ሆኖ ተገኘ። በብራናው ዘመን ጸሓፊው ቀለቡንና ልብሱን ካስጻፊው ይቀበል ስለ ነበረ ገንዘብ ከነገሩ ፈጽሞ የራቀ ነበር አይባልም፤ በመጽሐፉም መጨረሻ ያስጻፊውና የጸሓፊው ስም ለጸሎት ይታሰባል፤ ታሪኩን ለውጦ የደረሰው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠራ ይቀራል።

ስለ አገራችን በባዕድ ሰው የተጻፈው ራሴላስ የተባለው ልብ ወለድም ከዚህ የራቀ አይደለም። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን የሐበሻን ምድር በዐይኑ ሳያይ፣ ቀድሞ በ1735 እ.ኤ.አ. የተረጐመውን የአባ ሎቦን የጉዞ ታሪክ መነሻ አድርጎ፣ በ1759 እ.ኤ.አ. ልብ ወለዱን የጻፈው ለእናቱ መቅበሪያ ገንዘብ ቢያስፈልገው ነው ይባላል። የመጽሐፉ ፍጻሜ አላጠግብ ያላት ኮርኔሊያ ናይት ደግሞ በ1790 እ.ኤ.አ. ዲናርባስ የተባለ ቅጥያ ጽፋ፣ ጆንሰን የነፈጋቸውን ደስታ ለመስፍኑ ለራሴላስና ለባልንጀሮቹ አደለቻቸው። በመጨረሻም ስራክ ኅሩይ ራሴላስን ወደ አማርኛ መልሶ ተረቱን ወደ ተነገረለት አገር አገባው።

ወደ ድሬዳዋው ነገር እንመለስና፣ ግጥሙን ከሠርግ ድንኳን አውጥቶ ለገበያ ያበቃው ሸክላው ነው። በ1940 ዓ.ም. ግድም በወጣ ውሳኔ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. ያንን አጥር ዘልሎ ማሳተም ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ ዓሊ ቢራም ከጥቂት ዓመት በኋላ ድምፁን በሸክላ አስቀርጾ ለሕዝብ አቀረበ። ከዚያም ካሴት መጣ። በሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ፎቶግራፍ ጎልቶ ሲታይ፣ የገጣሚው ስም ብዙውን ጊዜ ከነአካቴው የለም፤ ዜማውን መጀመሪያ በባሕር ማዶ ያወጣውማ ከቶ የሚያስታውሰው አልነበረም። ንግዱን ሳይሆን ይህን ዝምታ ነው የምነቅፈው፤ ዘፋኝ ከዘፈኑ እንጀራ ቢበላ ማን ይከፋዋል?

በውጭው ዓለም ደግሞ ስም መሰረዝ ራሱ የንግዱ በር ሆነ። ኢ. ኤል. ጄምስ የተባለችው እንግሊዛዊት ትዋይላይት በተባለው ልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት ላይ የጻፈችውን ቅጥያ የሰዎቹን ስም ለውጣ በ2011 እ.ኤ.አ. እንደ አዲስ መጽሐፍ ብታወጣው ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ በነጻ ሲያነብቡላትና ሲያርሙላት የነበሩት ወዳጆቿ ግን ከትርፉ አልተካፈሉም። አማዞን የተባለው ኩባንያ በ2013 እ.ኤ.አ. ለዋናው ደራሲም ለቅጥያው ጸሓፊም ድርሻ እየከፈለ ቅጥያ የሚሸጥበትን ክፍል ከፈተ፤ ሆኖም ወዳጅነትን በውል አስሮ መምራት ሳይሆንለት ቀርቶ ይመስለኛል፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ዘጋው።

በእኛ አገር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ከደነገገ በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የሌላውን ሥራ ለውጦ ለማቅረብ የባለቤቱን ፈቃድ ግድ አድርጓል፤ ለውጦ ያቀረበውም ሰው በበኩሉ በራሱ ድካም ላይ መብት እንዲኖረው ፈቅዷል። ዓሊ ቢራ በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ዐርፎ በተወለደባት በድሬዳዋ ሲቀበር፣ በቀብሩ ላይ ግጥሞቹን በቃሉ የማይወጣ ሰው ጥቂት ነበር። ሕጉ ግን ደራሲ ብሎ የሚገምተው ስሙ በሥራው ላይ የተጻፈለትን ሰው ነው፤ ደራሲው ያልታወቀ ሥራ ለ50 ዓመት ብቻ ስለሚጠበቅም፣ በ1950ዎቹ በመጋላ ሠርጎች ላይ ማንም ሳይፈርምባቸው የተደረሱት ግጥሞች ዛሬ ዘመናቸው ዐልፎ ማንም ሊዘፍናቸው፣ ሊሸጣቸውም የሚችል ይመስለኛል።