ጎረቤት ሁሉ ጠላት ነው? የሕንዱ “አርታሻስትራ” እና የዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት

በዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት የሥልጣንና የጦርነት ጥያቄ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሱት የግሪኩ ቱሲዲደስ፣ የጣልያኑ ማኪያቬሊ እና የእንግሊዙ ሆብስ ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በስፋት የመረመረው ጥንታዊው የሕንድ የመንግሥት አስተዳደር መጽሐፍ “አርታሻስትራ” ግን እምብዛም ቦታ አይሰጠውም።

በሳንስክሪት የተጻፈው ይህ ሥራ ለምዕተ ዓመታት ከዕይታ ተሰውሮ ቆይቷል። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1905 በደቡብ ሕንድ ማይሶር የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ሻማሻስትሪ በዘንባባ ቅጠል ላይ የተጻፈ ቅጂውን ለይተው አወቁት። በ1909 የሳንስክሪቱን ጽሑፍ፣ በ1915 ደግሞ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ለኅትመት አበቁ።

በትውፊት የመጽሐፉ ደራሲ ካውቲልያ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የማውርያን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው የቻንድራጉፕታ አማካሪ እንደነበረ ይነገራል። በርካታ ተመራማሪዎች ግን ጽሑፉ አሁን ያለውን መልክ የያዘው ከዚያ ዘግይቶ እንደሆነ ያምናሉ።

15 ክፍሎች ያሉት መጽሐፉ ስለ ግብር፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ስለላና ስለ ጦርነት ይተነትናል። ይበልጥ የሚታወቀው ግን “ማንዳላ” ወይም ክበብ በተሰኘው ንድፈ ሐሳቡ ነው። በክበቡ መሐል ግዛቱን ማስፋት የሚሻ ንጉሥ አለ። ወሰንተኛው ተቀናቃኙ ሲሆን ከወሰንተኛው ጀርባ ያለው ደግሞ የተፈጥሮ ወዳጁ ነው። “የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው” የሚለው አባባል እዚህ በሥርዓት ተቀምሯል።

ለንጉሡ ስድስት አማራጮች ቀርበውለታል፦ ሰላም ማድረግ፣ መዋጋት፣ ባሉበት መጠበቅ፣ መዝመት፣ በኃያል መጠለል፣ እንዲሁም ከአንዱ ታርቆ ሌላውን መውጋት።

ጀርመናዊው ምሁር ማክስ ቬበር በ1919 ባደረገው ንግግር፣ የማኪያቬሊ “ልዑሉ” ከዚህ መጽሐፍ ጋር ሲነጻጸር ጉዳት የሌለው ነው ብሎ ነበር። በዚህም የተነሣ ካውቲልያ አገራት የሚመሩት በኃይልና በጥቅም ነው የሚለው “ሪያሊዝም” ቀዳሚ አባት ተደርጎ ይታያል።

ይህ ንባብ ግን ጎዶሎ ነው። ጦርነትና ሰላም እኩል ጥቅም ካስገኙ ሰላምን መምረጥ እንደሚገባ መጽሐፉ ይመክራል፤ ጦርነት ሰውና ሀብት ያስጨርሳልና። የንጉሥ ደኅንነት ከሕዝቡ ደኅንነት እንደማይነጠልም ያስረዳል። ጎረቤቶችንም ቢሆን በአንድ ዓይን አያይም፤ በጠላትነት የሚያስቡ እንዳሉ ሁሉ በወዳጅነት የሚቀርቡም እንዳሉ ይገልጻል።

የሕንድ አስተሳሰብም የካውቲልያ ብቻ አይደለም። የቻንድራጉፕታ የልጅ ልጅ አሾካ ካሊንጋን ሲወጋ በደረሰው እልቂት መጸጸቱን በዓለት ላይ አስቀርጿል።

በ2014 የዓለም አቀፍ ጥናቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት አሚታቭ አቻርያ፣ የትምህርት ዘርፉ ከምዕራቡ ዓለም ታሪክ ባሻገር እንዲመለከት ጥሪ አቅርበዋል። ጥሪው ጥንታውያን መጻሕፍትን ከማወደስ ያለፈ ጥንቃቄ ይጠይቃል። “ማንዳላ”ን ብቻ ነጥሎ የሚያነብ መሪ ለጠብ ማመካኛ ያገኛል፤ ሙሉውን የሚያነብ ግን ጎረቤቱን ጠላት ብሎ ከመፈረጁ በፊት አሳቡን መመርመር እንዳለበት ይረዳል።